መለከቷ ዝም ያለችበት ንጋት

መጀመሪያ የተሰማው የገመዱ ማቃሰት ነበር። ከመንገዱ በስተግራ፣ ገና ምንም ከማይታይበት ጨለማ ውስጥ፣ ወፍራሙ የጅማት ገመድ ሲጠመዘዝ ከአልጋው ለመነሣት እንደሚታገል ሽማግሌ ረጅም ማቃሰት አሰማ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ የትልቁ ወንጭፍ የእንጨት ክንድ ተፈናጠረና ምድር ደነገጠች፤ አንድ የሚያፏጭ ከባድ ነገር ከራሳቸው በላይ አለፈ። ቆይቶ ከወዲያኛው ወገን የሰው ጩኸት መጣ።

«ይኸው፣ አንድ የወፍጮ ድንጋይ ላክንላቸው» አለ ከጨለማው ውስጥ አንዱ። «ዱቄቱን ራሳቸው ይሰብስቡት።»

የሳቀ አልነበረም። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ሲቀልድ ነው ያደረው፤ ቀልዱም እንደ ሰውየው ደክሞት ነበር።

ቬትዮስ ትከሻውን የሚዞረውን ክብ የነሐስ መለከት ትንሽ ቀና አድርጎ ከንፈሩን በምላሱ ዳሰሰ። ከንፈሩ የራሱ አይመስልም፤ አብጧል፣ ተሰንጥቋል፣ የደምና የነሐስ ጣዕም ተደባልቆበታል። ከምሽት ጀምሮ ሲነፋ ያደረው አንድ ጥሪ ብቻ ነው፦ ቁሙ። መስመሩ በላላ ቁጥር፣ ሰው በጨለማው ውስጥ ጓዱን ባጣ ቁጥር «ቁሙ» እያለ ይነፋል፤ እነሱም ይቆማሉ። መለከቷ አሮጌ ናት። ድሮ ሶርያ ውስጥ ከበቅሎ ጀርባ ወድቃ አፏ ስለተሰነጠቀ በእርሳስ በይዷታል። ከዚያ ወዲህ ጥሪዋ እንደ ሌሎቹ መለከቶች ጠርቶ አይቆረጥም፤ ሁልጊዜ በሳል ነው የምትጨርሰው።

ከኋላቸው ክሬሞና ነው፤ ከፊታቸው ጠላት። ጠላት ይባል እንጂ የሚሳደበው በእነሱው ቋንቋ ነው። ሮም በዚያ ዓመት አራተኛ ቄሳሯን ልታይ ነበር፤ እነዚህ ለቪቴልዮስ ይሞታሉ፣ እነዚያ ለቬስፓስያኖስ፤ ሁለቱም ቄሳሮች ግን ከዚያ ሜዳ እጅግ ርቀው ደኅና አልጋ ላይ ተኝተዋል። በጨለማው የይለፍ ቃል ሲጠያየቁ አድረው ቃሉን ሁለቱም ወገን ሸምድዶታል። ስለዚህ ሰው ወዳጁን የሚለየው ከወጋው በኋላ ነው።

ቬትዮስ ከጦር ከተሰናበተ ቆይቷል። ጎልማሳነቱን ሁሉ ከሦስተኛው ሌጌዎን ጋር በሶርያ ጨርሶ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ክሬሞና ተመለሰ፤ የሸክላ ሠሪውን የሳልቮን ልጅ ኦፕያን አገባ፤ የሰው ድስትና መጥበሻ እየበየደ ይኖር ነበር። መለከቷ ከግድግዳ ላይ ተሰቅላ ሸረሪት አድርቶባት ነበር። ባለፈው ወር የቪቴልዮስ ጦር ከከተማው ግንብ ሥር ሲሰፍር፣ ሄሬንዮስ የሚባል የመቶ አለቃ ቀዳዳ ድስት ይዞ ወደ ሱቁ ገባና ቀና ብሎ አያት።

«ይህን የምትነፋው አንተ ነህ?»

«ነበርኩ፣ አለቃ።»

«ነህ» አለው ሄሬንዮስ። «የእኛ ነፊ በወባ ሞቷል። ድስቱን ጨርስና ተከተለኝ።»

እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው። ከፊቱ የቆመው ሌጌዎን የትኛው እንደሆነ ግን ያወቀው በዚያች ሌሊት ነው፤ ከማዶ አንድ መለከት ሲጣራ። ሰው እናቱ በልጅነቱ የጠራችበትን ድምፅ እንደማይስት እሱም ያንን ጥሪ አይስትም። ሦስተኛው ነበር። ለማንም አልተናገረም።

ጨለማው መሳሳት ሲጀምር ከከተማው በኩል የሴቶች ድምፅ መጣ። የክሬሞና ሴቶች ቅርጫትና ገንቦ ተሸክመው፣ በቁስለኛና በሬሳ መካከል እግራቸውን የሚያሳርፉበት እየፈለጉ ለሰዎቻቸው ምግብ አመጡ።

«ቬትዮስ! አንተ ቬትዮስ! የመለከቱ ሰውዬ የታለ?»

«ድምፅሽን ዝቅ አርጊ ሴትዮ! ጦር ሜዳ ነው፤ ገበያ መሰለሽ?» አለ አንዱ ወታደር።

«ገበያ ቢሆንማ አስከፍልህ ነበር። እንካ፣ አፍህን በዳቦ ድፈነው።»

ኦፕያ ነበረች። አጠገቡ ደርሳ ተንበረከከችና በእጇ ፊቱን ዳሰሰችው፤ ጣቷ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ደንግጣ አነሣችው።

«ምን አረጉህ?»

«ማንም ምንም አላረገኝም። ራሴ ነኝ።»

ዳቦውን ቆረሰች፤ በውኃ የተበረዘ ኮምጣጣ ወይን ካለበት ገንቦ ውስጥ ነከረችና እንደ ሕፃን አጎረሰችው። አቃጠለው። ዋጠው።

«አባትሽስ?»

«እግሩ እንደዚያው ነው፤ አይቆምም። ቤቱን ደሞ ገበያተኛ ሞልቶታል። ለመከር ገበያ የመጣ የሱፍ ነጋዴ ሁሉ መንገድ ተዘግቶበት እኛ ጋ ነው የሰፈረው። አንዱማ ከአባዬ አልጋ ሥር ነው የተኛው። ‹ካንኮራፋ አልጋዬን ገልብጬ እላዩ ላይ እወድቅበታለሁ› ሲል ነው ያደረው አባዬ።»

ቬትዮስ ሊስቅ ሞክሮ ከንፈሩ ደማ።

«ኦፕያ፣ ስሚኝ። ወንዙን ተሻገሪና አክስትሽ ጋ ሂጂ። አሁኑኑ፣ ሳይነጋ።»

«አባዬን አዝዬ?»

«ሰው ፈልጊ። ቃሬዛ…»

«ቃሬዛው ሁሉ እዚህ አይደል እንዴ ያለው?» አለች፤ ወደ መሬቱ ዘወር ብላ አየችና ዓይኗን ቶሎ መለሰች። «አሥራ ሦስተኞቹም ከነሱ ጋር ናቸው ይባላል። እውነት ነው?»

«ነው።»

«ወይኔ።» የአሥራ ሦስተኛው ሌጌዎን ሰዎች ባለፈው ጸደይ ተሸንፈው የክሬሞናን የትግል አደባባይ እንዲሠሩ ሲገደዱ፣ የከተማው ሰው እየዞረ ይስቅባቸው ነበር። «እኔም አንዱን በበሰበሰ ጎመን መትቼዋለሁ እኮ። ጆሮው ላይ። በዕድሜዬ አነጣጥሬ የመታሁት እሱን ብቻ ነው።»

«ጆሮው ሲያሳክከው ያስታውስሻል።»

«አትቀልድ።» እጁን ያዘችው። «ስማ። አባዬ ሌሊቱን ሲያዳምጥህ ነው ያደረው። ያቺ የመለከትህ ሳል ስትሰማ ‹አማቼ ቆሟል› ይለኛል። ደግማ እስክትሰማ ድረስ አይተነፍስም። እኔም ከግንቡ ላይ ወጥቼ ሳዳምጥ ነበር። እሷን እስከሰማን ድረስ እነዚያ ከግንቡ አልደረሱም ማለት ነው። አታቁማት። እሺ በለኝ።»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«በአባትሽ ራስ።»

ኦፕያ ተነሣች። ቀሚሷ ጉልበቷ ድረስ በጭቃ ርሶ ነበር። ጥቂት ከሄደች በኋላ ዘወር ብላ «አፍህን ሲመሽ ቅቤ እቀባልሃለሁ» አለችው፤ ሲመሽ የሚሆነውን የምታውቅ ይመስል።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ሁለቱም ወገን ትንፋሹን ለመሰብሰብ የተስማማ ይመስል ውጊያው ረገብ አለ። በመካከላቸው የወይን ማሳው ቦይ ነው ያለው፤ ጉም ሞልቶበታል። ቬትዮስ አንድ ጊዜ ነፋ። መለከቷ እንደ ልማዷ በሳል ጨረሰች።

ከቦዩ ማዶ አንድ ሰው ሳቀ።

«ያቺን ሳል አውቃታለሁ! ጉንጮ! ጉንጮ ነህ አይደል? ያቺ በሽተኛ ቀንድህ እስካሁን አልሞተችም?»

በዓለም ላይ ጉንጮ ብሎ የሚጠራው አንድ ሰው ነው። ያምሊኮስ ነው፤ ሶርያ ውስጥ ለዓመታት በአንድ ድንኳን አብሮት ያደረ፣ አንድ የእጅ ወፍጮ አብሮት ያዞረ፣ ትኩሳት ሲይዘው በግመል ወተት ያዳነው።

«ያምሊኮስ! አንገትህ እስካሁን አለ?»

«አለ። ለማን እንደማስቀምጠው ነው ያላወቅኩት። አንተ ከነዚያ ጋር ምን ትሠራለህ?»

«ምን ላርግ፣ ቤቴ እዚሁ ነው። ሚስቴ ከተማ ውስጥ ናት።»

«ሚስት? ለአንተ? ዓይኗ አያይም እንዴ?»

«እስከ ትናንት ድረስ ያይ ነበር።»

ከወዲህም ከወዲያም ሰዎች ሳቁ። ሳቁ ጉሙ ውስጥ ተደባልቆ የማን ወገን እንደሆነ አልተለየም። ሲያልቅ ያምሊኮስ ድምፁን ለወጠ።

«ስማ ጉንጮ። እጃችሁን ስጡ። ነገሩ አልቆላችኋል። ያቺን የኤፍራጥስ ዳር ከተማ ታስታውሳታለህ፣ በሯን የከፈተችልንን? ዶሮ እንኳ አልነካንባቸውም።»

«አንድ ነክተሃል።»

«እሷማ ራሷ ነች ድስቱ ውስጥ የገባችው። በእናቴ፣ ጉንጮ። በሩን የከፈተ አይነካም። ሰብረን የገባን እንደሆነ ግን፣ እኔም ያን ጊዜ ራሴን አላውቀውም።»

ሄሬንዮስ የመቶ አለቅነቱ ምልክት የሆነውን የወይን ግንድ ዱላ ይዞ ከኋላ መጣ። በአንድ ሌሊት አርጅቷል፤ ከደረቱ ላይ የተደረደሩት የብር ሜዳሊያዎች በደም ተሸፍነው ማብረቅረቅ ትተዋል።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«የድንኳን ጓደኛዬ ነበር፣ አለቃ። ይወቁልኝ፣ ሌላ ነገር…»

«እኔም በዚያ በኩል ወንድም አለኝ» አለ ሄሬንዮስ። «አላወራሁትም። ንፋ።»

ነፋ። ድንጋይ መወርወሩም ቀጠለ፣ መጋደሉም ቀጠለ።

ምሥራቁ መጀመሪያ እንደ ዓሣ ሆድ ነጣ፤ ከዚያ ከሩቆቹ ዛፎች ጫፍ ላይ ቀይ መስመር ተሰመረ። ጨለማው ሸፍኖት ያደረውን ሁሉ ብርሃኑ አንድ በአንድ ይገልጠው ጀመር። የወይን ሐረግ በተጠመጠመባቸው ዛፎች ሥር ሰው እንደ ረገፈ ፍሬ ተከምሯል። አንዳንዱ ተቃቅፎ ነው የሞተው፤ ለመጋደል ይሁን ለመደጋገፍ ማን ያውቃል። ልብሱ አንድ፣ ጋሻው አንድ፣ የጫማው ምስማር ሳይቀር አንድ ነው። ቅድም ስለ ዱቄቱ የቀለደው ሰው ማን እንደነበር ቬትዮስ አሁን ገና አየው፤ በጀርባው ተንጋሎ አፉ ተከፍቷል፤ ሌላ ቀልድ ሊጀምር ሲል የቀረ ይመስላል። መስመሩ ግን ቆሟል። ቀጭን ነው፣ እንደ አሮጌ ጨርቅ ብርሃን ያሳልፋል፤ ቢሆንም ቆሟል። ቁሙ፣ ትላለች መለከቷ። ቁሙ።

ፀሐይ ከሦስተኛው ሌጌዎን ጀርባ ብቅ አለች።

ከዚያ የሆነውን ቬትዮስ አላሰበውም፤ ሰውነቱ ነው ያሰበው። የሦስተኛው ሰዎች ሶርያ ውስጥ ኖረው ኖረው የአገሩን ልማድ ወስደዋል፤ በየማለዳው ለምትወጣው ፀሐይ ሰላምታ ይሰጣሉ። ሥርዓቱ የሚጀምረው በመለከት ዝምታ ነው። የትም ይሁኑ፣ ምንም ይሥሩ፣ ነፊው የመጀመሪያዋን ጨረር ሲያይ ጥሪውን ይቆርጣል፤ የቀኝ እጁን ጣቶች ስሞ ወደ ብርሃኑ ይዘረጋል፤ ዝምታውን የሰማ ሁሉ ይከተለዋል። ቬትዮስ ያን ዝምታ ሲያስጀምር የኖረ ሰው ነው። ድስት በያጅ ከሆነ ወዲህ እንኳ በየማለዳው ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ ጣቱን ይስም ነበር፤ ኦፕያ «ለማን ነው የምትልከው? ለጎረቤቷ ነው?» እያለች ትስቅበታለች።

ጥሪው መሐል ላይ ተቆረጠ። መለከቷ ከከንፈሩ ወረደች። ጣቶቹን ሳመ።

የማዶው መለከትም በዚያች ቅጽበት ዝም አለ። ከዚያ ሦስተኛው ሌጌዎን፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ለጠላቱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ምሥራቅ ዞረ፣ እጁን አንሥቶም ጮኸ። የደስታ ጩኸት ነበር፤ ብዙ ዘመን የጠፋ ዘመድ በመንገድ ሲመጣ ታይቶ የሚጮኸው ዓይነት።

«መለከቷ ቆመች!» አለ አንድ ሰው በቬትዮስ በኩል።

«ለምን ቆመች?»

«እዩ፣ እዩ! ዞሩ! ማንን ነው የሚቀበሉት?»

«ሌላ ጦር ነዋ! ሌላ ጦር መጣላቸው!»

ሄሬንዮስ የቬትዮስን የትከሻ ጠፍር ጨምድዶ ያዘው። ቬትዮስ የተዘረጋ እጁን ቶሎ አወረደ።

«አንተ ሶርያ ነበርክ። ምንድን ነው ይሄ? ማን ነው የመጣላቸው?»

መልሱ አፉ ውስጥ ነበር። ማንም አልመጣም አለቃ፣ ፀሐይዋን ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያረጉት። ይህን ቢል ሄሬንዮስ ዱላውን አንሥቶ «ደንቆሮዎች፣ ፀሐይ ወጣች ብላችሁ ነው የምትደነግጡት?» ብሎ ይጮህ ነበር፤ ሰዎቹም አፍረው ይስቁ ነበር፤ መስመሩም ይቆም ነበር። እስከ ቀትር፣ ምናልባትም እስከ ማታ። ከዚያ የመጨረሻው ሰው ሲወድቅ እነዚያ ግንቡን ሰብረው ይገባሉ። ያምሊኮስ ራሱን የማያውቅበት ሰዓት ይመጣል። አሁን ከተሸነፉ ግን በሩ ይከፈታል። በሩን የከፈተ አይነካም። ኦፕያ ግንቡ ላይ ናት፤ ሽማግሌው ሳልቮ ደግሞ ትንፋሹን ይዞ የሚቀጥለውን ሳል ይጠብቃል። ቬትዮስ ይህን ሁሉ ዓይን በሚርገበገብበት ያህል ጊዜ ውስጥ አየ፤ ወይም ያየ መሰለው።

«ብዙ ሰው የመጣ ይመስለኛል፣ አለቃ» አለ።

ሄሬንዮስ ዓይኑን ትክ ብሎ አየው። ማመኑ ይሁን ማመን መፈለጉ ቬትዮስ አላወቀም። አጠገባቸው ያሉት ግን ሰምተዋል፤ «ሶርያ የነበረው ሰውዬም አለ!» የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ እየዘለለ ሄደ። መስመሩ በአንድ ጊዜ አልተሰበረም። አሸዋ ከጣት መካከል እንደሚያመልጥ ነበር፤ አንዱ ወደ ኋላ አየ፣ ሁለተኛው አንድ እርምጃ ሸሸ፣ ከዚያ ሁሉም ሮጠ።

ሄሬንዮስ አልሮጠም። ከመንገዱ ዳር ተቀመጠና ሜዳሊያዎቹን ከደረቱ ላይ እየፈታ፣ አንድ ባንድ፣ ቦዩ ውስጥ ይጥላቸው ጀመር።

«ልንፋ፣ አለቃ?»

«ማንን ልታቆምበት?» አለው፣ ቀና ሳይል።

ለአንዲት ሰዓት ያህል ቬትዮስ ልክ ነበር። መንገዱ ላይ ብዙ ሰው ቢሞትም የከተማው በር ግን ሳይሰበር ተከፈተ፤ ሹማምንቱ የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው ወጡ፣ የቪቴልዮስ ወታደሮች መሣሪያቸውን ጥለው ራሳቸውን ደፍተው በአሸናፊዎቹ መካከል አለፉ፣ ማንም እጁን አላነሣባቸውም። እንዲያውም አንዳንዱ አሸናፊ ሲያለቅስ ታየ። ቬትዮስ ያምሊኮስን ከበሩ አጠገብ አገኘውና ተቃቀፉ። ያምሊኮስ ፀጉሩ ነጥቷል፤ ከፊት ጥርሶቹ ሁለቱ የሉም።

«አላልኩህም?» አለው ያምሊኮስ። «አላልኩህም ጉንጮ?»

ያን ጊዜ ነው ከውስጥ የመጀመሪያው ጩኸት የተሰማው። የጀመሩት አሥራ ሦስተኞቹ ናቸው ይላሉ፤ ጎመኑንና ሳቁን ያልረሱት። ከዚያ ገበያው ውስጥ የተከማቸውን ጨርቅና ሱፍ ያዩ ሁሉ ተከተሉ። ከዚያ የማን ሌጌዎን ምን እንዳደረገ የሚለይ አልነበረም።

«ቤቴ ከሸክላ ሠሪዎች መንደር ነው» አለ ቬትዮስ። «ከበሩ ላይ ብቻ ቁምልኝ። አንተን ካዩ አይገቡም። ሚስቴና ሽባ አባቷ ናቸው ያሉት። በበላነው ዳቦ፣ ያምሊኮስ።»

«ምን ማለትህ ነው፣ እቆማለሁ እንጂ! ምራኝ!»

አብረው ሮጡ። ሰው በመስኮት ይወረወራል፤ አንድ በር በመጥረቢያ ይፈለጣል፤ የፈሰሰ ዘይት መንገዱን አንሸራታች አድርጎታል። ከጨርቅ ነጋዴዎቹ መንገድ ማጠፊያ ላይ ሲደርሱ ወታደሮች ከአንድ መጋዘን ውስጥ የሐምራዊ ጨርቅ ጥቅል እየጎተቱ ሲያወጡ አገኙ። ያምሊኮስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ጨርቁን አየ። ቬትዮስን አየ።

«ቅደም፣ አሁን መጣሁ» አለ።

ቬትዮስ እስከ ማጠፊያው ሮጦ ዘወር አለ። ያምሊኮስ የጥቅሉን አንድ ጫፍ ይዞ ከሌላው ጋር ይጓተት ነበር፤ ፊቱ የያምሊኮስ አልነበረም። ወዲያው ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር በኩል ጭስ ተነሣና መንገዱን ዘጋው። ቬትዮስ መለከቷን አንሥቶ ጭሱ ላይ ነፋ። ቁሙ። ቁሙ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ለራሱም አልተሰማውም።

ክሬሞና ለቀናት ነደደች። ከቤትም ከመቅደስም ያልተቃጠለ አንድ ብቻ ነበር፤ ከግንቡ ውጪ፣ ከረግረጉ ዳር ያለው የሜፊቲስ ቤት፤ ሰው ከመጥፎ ሽታና ከበሽታ እንድታድነው የሚለምናት እንስት አምላክ። የተረፈው ሰው ሁሉ እዚያ ተጠልሏል። ረግረጉ ድኝ ድኝ ይሸታል፤ ከከተማው የሚመጣው ሽታ ግን ስለባሰ ማንም አላማረረም።

ቬትዮስ ኦፕያን ያገኛት እዚያ ነው፤ ሊነጋጋ ሲል፣ የተኙትን ፊት አንድ ባንድ ጎንበስ እያለ ሲያይ። ከአንድ ዓምድ ሥር ተቀምጣለች። ከፀጉሯ ግማሹ ተቃጥሏል። ያቺ ኮምጣጣ ወይን ያመጣችበት ገንቦ ከጎኗ ነበረች።

አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሞተሃል» አለችው።

«አልሞትኩም።»

ተነሥታ በሁለት እጇ ፊቱን ያዘች፤ እንደዚያች ማለዳ ጣቷን ከንፈሩ ላይ አሳረፈች፤ ቁስሉ ደርቋል። ከዚያ ግንባሯን ደረቱ ላይ ጣለች። አጠገቡ ስትቀመጥ ድምፅዋ ደረቅ ነበር።

«አባዬን ከአልጋው እስከ በሩ ጎተትኩት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ‹ተይኝ› አለኝ። ‹መለከቷ ቆማለች፣ አማቼ ሞቷል፤ አንቺ እንኳ ትረፊ› አለኝ። የሞትክ መስሎን ነበር። እኔም ግንቡ ላይ ሆኜ ጥሪህ መሐል ላይ ሲቆረጥ ‹አሁን ሞተ› አልኩ። ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ አላለቀስኩም፤ ላንተ ግን አልቅሻለሁ።»

ቬትዮስ እጇን ያዘ።

ከዓምዱ ወዲያ እጁ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ የቪቴልዮስ ወታደር ለጎረቤቱ ያወራ ነበር። «ሌላ ጦር የሚባል አልመጣም እኮ» ይላል። «ከሦስተኛው አንዱ ነው እየሳቀ የነገረኝ። ፀሐይ ሲሳለሙ ነው ያየናቸው። በየማለዳው ነው አሉ የሚያረጉት። ፀሐይ ወጣች ብለን ሸሸን! ወይኔ፣ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው በመካከላችን ቢኖር ኖሮ።»

«ዝም በል፣ ተኛበት» አለው ጎረቤቱ።

ኦፕያ ሰውየው ወደተናገረበት ዞር ብላ ነበር። ቀስ ብላ ወደ ቬትዮስ ተመለሰች።

«ታዲያ ለምን ቆመች?» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የጠፋ ዕቃ የት እንዳለ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው። «ካልሞትክ፣ መለከቷ ለምን ቆመች?»

ቬትዮስ ሊናገር አፉን ከፈተ። ስለ በሩ ሊነግራት ነበር፤ ስለ ኤፍራጥሷ ከተማ፣ ስለ እሷና ስለ አባቷ እንዳሰበ፣ ለእነሱ ብሎ እንዳደረገው። ከየት እንደሚጀምር እየፈለገ ሳለ ከሩቅ፣ ከሜዳው ማዶ ካለው ሰፈር፣ ሲነፋ የነበረ መለከት ድንገት ዝም አለ። ከዝምታው ቀጥሎ የብዙ ሺህ ሰው የደስታ ጩኸት መጣ። በረግረጉ ላይ የተኛው ጉም ቀላ።

የቬትዮስ እጅ ከኦፕያ እጅ ውስጥ ወጣች። ወደ ከንፈሩ ስትሄድ አላወቃትም። ጣቶቹ አፉን ሲነኩ ነው የነቃው፤ ያን ጊዜ እጁን እዚያው፣ ፊቱ ላይ፣ እንደያዛት ቀረ።

ኦፕያ እጁን አየች። ብርሃኑን አየች። ከዚያ ፊቱን አየች፤ ከሱቁ ደጃፍ ላይ በየማለዳው የምታውቀውን ፊት።

ተነሣች። ከቀሚሷ ላይ አመዱን አራገፈች። በተኙት መካከል፣ ማንንም ላለመርገጥ እየተጠነቀቀች፣ እስከ ደጁ ሄደች፤ ወደ ወንዙ የሚወስደውን የረግረግ መንገድ ያዘች።

«ኦፕያ» አላት። ደግሞ ጠራት።

አልዞረችም። ጉሙ መጀመሪያ እስከ ጉልበቷ፣ ከዚያ እስከ ወገቧ፣ ከዚያ እስከ ትከሻዋ ዋጣት። ገንቦዋ ከዓምዱ ሥር ቀረች፣ ግማሽ ድረስ ውኃ እንደያዘች።